አድሚራሉ ያስፈተሸው ልብስ

አሞጽ ሰው ይጠላል እየተባለ ሆሳዕና ውስጥ የሚወራው ሐሜት ልክ አይደለም። አሞጽ የሚጠላው ሰውን ሳይሆን የሰውን ስንፍና ነው፤ ማርፈድን ነው፤ «ውሃው ቀዘቀዘ» የሚል አፍን ነው። ከሁሉም አብልጦ ደግሞ የውድድር ዋና ልብስ የሚባለውን፣ ገላ ላይ እንደ ቆዳ የሚለጠፈውን ያንን ጥቁር ነገር ይጠላል። ይህን ሁሉ ጠልቶ ሲጨርስ ለሰው የሚተርፈው ፍቅር ጥቂት ቢሆን አይገርምም።

ነገሩ የጀመረው ባሕር ላይ ነው። ሆሳዕና አቅራቢያ ጃጁራ ተወልዶ ያደገ ልጅ ባሕር ኃይል ይገባል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እሱ ግን በደርግ ጊዜ ተመልምሎ ምጽዋ ወረደ። እዚያ የነበረው አሠልጣኝ ምልምሎቹን ከነዩኒፎርማቸው፣ ከነከስክስ ጫማቸው ከጀልባ ላይ እየገፈተረ ባሕር ውስጥ ይጥላቸው ነበር። አሞጽ ጨዋማ ውሃ ጠጣ፣ ተንፈራገጠ፣ አለቀሰ፣ በመጨረሻ ዋኘ። ባሕር ኃይሉ ሲበተን ባሕር ወደሌለበት አገሩ ተመለሰ። የሰፈሩ ሰው ስም ለማውጣት ጊዜ አልፈጀበትም፤ «አድሚራል» አለው። እሱም በቀልዱ እየተናደደ መምህርነት ተማረና ሆሳዕና የስፖርት አስተማሪ ሆነ።

ከዓመታት በኋላ ከተማዋ ውስጥ መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ተከፈተ። አሞጽ ባለቤቱን ደጅ ጠንቶ ተስማማ፦ እሱ ገንዳውን በነፃ ያጸዳል፣ ልጆቹ ደግሞ እንግዶች ከእንቅልፋቸው እስኪነሡ ይዋኛሉ። የሆሳዕና የንጋት ብርድ የዋዛ አይደለም። ልጆቹ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ይወጣሉ፤ አሞጽ ደግሞ ፊሽካውን ነፍቶ ይመልሳቸዋል። «እኔ ከነከስክሴ ነው የዋኘሁት!» ይላል። ይህን ከመስማት ብዛት ልጆቹ ከኋላው ሆነው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረውት ይሉታል።

የሴቶች ልጆች ነገር ግን በፊሽካ የሚፈታ አልነበረም። ወላጆች «ሴት ልጃችን ራቁቷን በሰው ፊት?» አሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ፊታቸውን አጠቆሩ። አሞጽ ወደ ልብስ ሰፊዋ ገነቴ ሄደ። ገነቴ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇን በስፌት የምታሳድግ፣ ቀጥተኛ ሴት ናት። ከሚለጠጥ የታይት ጨርቅ፣ ትከሻን በሰፊው የሚይዝ፣ እስከ ጉልበት የሚወርድ አረንጓዴ ልብስ ሰፋችለት። አሞጽ እሱን ይዞ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ። አንደኛው ሽማግሌ ልብሱን ግራና ቀኝ ጎተቱት፣ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት፣ ከዚያ «እሺ፣ ይዋኙ» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የክለቡ ሕግ አንድ ሆነ፤ ወንድም ይሁን ሴት፣ ሁሉም የገነቴን አረንጓዴ ይለብሳል። የነጋዴው ልጅና የእንሰት ገበሬው ልጅ ውሃ ውስጥ ከገቡ ማን የማን እንደሆነ አይለይም። አሞጽ በዚህ ይኮራ ነበር። ሜዳሊያ ቢያመጡለት እንኳ እንደዚህ አይኮራም ነበር።

ከልጆቹ ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው በቤተልሔም ላይ ነበር፤ በገነቴ ልጅ። ዝምተኛ ናት። ለታላቅ ሰው ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «እሺ»። «እንደገና» ሲላት እሺ፣ «ክንድሽን ዘርጊ» ሲላት እሺ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። ዋኝታ ግድግዳውን በነካች ቁጥር መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ «ስንት ሆንኩ ቲቸር?» ትለዋለች። አሞጽ ሰዓቱን አይቶ ይነግራታል። አሻሽላ ከሆነ ድምፁ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ሌላ ሰው ያንን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም።

በዚያ ዓመት የክልሉ ምርጫ ውድድር ሆሳዕና ላይ፣ በዚያው ገንዳ ሊደረግ ተወሰነ። በየርቀቱ አንደኛ የወጣ ክልሉን ወክሎ ወደ አገር አቀፍ ውድድር ይሄዳል፤ ሄዶ የቀናው ደግሞ እዚያው ማሠልጠኛ ገብቶ፣ እየበላና እየተማረ ይቀራል። ለቤተልሔም ይህ በር ከተዘጋ ያለው ሌላ በር የእናቷ የስፌት ማሽን ነው፤ እሱ ካልሆነ እንደ ሰፈሩ ልጆች ደላላ ይዞ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ። ገነቴ ሁለቱንም ለልጇ አትመኝም ነበር።

ደቡብ አፍሪካን ገነቴ ታውቃታለች። ታናሽ ወንድሟ ዕንባቆም እዚያ ነው። አንድ የደሃ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ይዞ፣ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሞ ስኳርና ሳሙና ይሸጣል። የእህቱ ልጅ ዋና እንደሚቀናት ሲሰማ እዚያ የሀብታም ትምህርት ቤት ልጆች የሚወዳደሩበትን ልብስ ጠያይቆ ገዛና ወደ አገር ቤት በሚመለስ ሰው ላከላት። ፌስታሉ ሲከፈት ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። «ውይ፣ የሕፃን ነው የላከው!» ብለው ሳቁ። ጥቁር ነው፤ ሲያዩት ከእጅ መዳፍ ብዙ አይበልጥም። ገነቴና ጎረቤቷ ሁለት ሆነው እየጎተቱ፣ እየተጋገዙ፣ አልቧቸው አለበሷት። ቤተልሔም ቀና ብላ ቆመች። መላ ሰውነቷ ተሰብስቦ፣ ሆዷ ገብቶ፣ ቁመቷ የጨመረ መሰለ። ገነቴ ለአፍታ የሌላ ሰው ልጅ የምታይ መሰላት፤ ከዚያ ደስ አላት።

አሞጽ ግን ደስ አላለውም። በማግሥቱ ንጋት ቤተልሔም ይዛው ስትመጣ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አነሣው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አጎቴ የላከልኝ ነው ቲቸር። ለውድድር።»

«አጎትሽ ዋናተኛ ነው?»

«አይደለም። ሱቅ ነው የሚሠራው።»

«እንግዲያው ሱቁን ይሥራ!» አሞጽ ወደ ሌሎቹ ዞረ። «እዚህ ገንዳ ውስጥ ላስቲክ ለብሶ የሚገባ የለም! ይህን ለብሳ ብታሸንፍ ማን አሸነፈ ሊባል ነው? እሷ ወይስ ፋብሪካው? ለሷ አጎት ላከላት። አጎት የሌላትስ? ውሃ ሳትነካ ልትሸነፍ ነው?»

እዚህ ላይ እውነት ነበረው። ችግሩ አሞጽ እውነት ሲያገኝ እንደ ዱላ መያዙ ነው። በዚያ ላይ ሌላም የሚመካበት ነገር ነበረው። በአንድ ወቅት በዓለም ላይ ዋናተኛን የሚያንሳፍፍ ልብስ ወጥቶ ክብረ ወሰኑ ሁሉ እንደተሰባበረ፣ የዋና ስፖርት ዓለም ራሱ አፍሮ ያንን ልብስ እንደከለከለ በሬዲዮ ሰምቷል። «ዓለም የጣለውን ነው የምትለብሺው!» አላት። የተከለከለው ግን ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነውና ከላስቲክ የሚሠራው ዓይነት ነበር። ከጨርቅ የተሠራ፣ ለሴት ከትከሻ እስከ ጉልበት የሆነ፣ ማረጋገጫ ምልክት ያለበት ልብስ ከዚያ ወዲህም ሲፈቀድ ኖሯል። አሞጽ ይህን ሁለተኛውን ወሬ አልሰማም፤ የመጀመሪያው ለቁጣው በቂ ነበርና አላጣራም።

ገነቴ ወሬው እንደደረሳት ማሽኗን ጥላ መጣች።

«ጋሽ አሞጽ፣ የወንድሜን ዕቃ በሁለት ጣት ነው አሉ ያነሡት።»

«ላስቲክ ነው ገነቴ።»

«ወንድሜ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሞ ነው የሚሸጠው! ተዘርፏል። ግንባሩ ላይ ሽጉጥ ተደግኖበታል። እዚያ መሀል ሆኖ የእህቴ ልጅ ብሎ ያሰበውን ላስቲክ ይሉብኛል?»

ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ቢሆን ቦታው ይኸው ነበር። አሞጽ ግን፣ «አንቺ ራስሽ የሰፋሽውን ልብስ ልትንቂ ነው?» አላት።

«እኔማ የሰፋሁትን አውቀዋለሁ። ውሃ ይይዛል። ልጆቹ ሲያወልቁት የምጨምቀው እኔ ነኝ።»

«ይያዝ! ውሃው ሲጎትታት ነው ክንዷ የሚጠነክረው።»

«በልምምድ ይጎትታት። በውድድሩ ቀንስ ለምን?»

አሞጽ መልስ ሲያጣ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ ጮኸ። «የክለቡን ካልለበሰች አትወዳደርም! አለቀ!»

«የአጎቷን ሳትለብስ ብትገባ ደግሞ እኔ እናቷ አይደለሁም!»

ሁለቱም ወደ ቤተልሔም ዞሩ። ልጅቷ ፎጣዋን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። «ሰምተሻል?» አላት አሞጽ። «እሺ ቲቸር» አለች። «ሰምተሻል?» አለቻት ገነቴ። «እሺ እማዬ» አለች። ሁለቱም እንዳሸነፉ ሆነው ተለያዩ። ልጅቷ ለሁለቱም እሺ ብላ እንዴት እንደምትወጣው የጠየቃት ሰው አልነበረም።

የውድድሩ ቀን የሆቴሉ ግቢ በሰው ተሞላ። ከዱራሜ፣ ከሆመቾ፣ ከዳምቦያ የመጣው ሁሉ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ከሌላ ዞን የመጣው ቡድን አሠልጣኝ ስሙ ይበልጣል ነው፤ በስፖርት ሳይንስ የተመረቀ፣ ጥቁር መነጽሩን ከግንባሩ የማያወርድ ወጣት ነው። የይበልጣል ልጆች ጃኬታቸውን ሲያወልቁ አሞጽ ቆሽቱ አረረ። ሁሉም ያንን ጥቁር ልብስ ለብሰዋል።

«ምንድን ነው ይሄ? የዋና ውድድር ነው ወይስ የልብስ ሱቅ?» ብሎ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ሕጋዊ ነው» አለ ይበልጣል ተረጋግቶ። «ከተማው አዋጥቶ ነው የገዛልን። ስፖርት ያድጋል እኮ። ሯጮቻችን አዲስ ጫማ ሲያጠልቁ ማን ከለከላቸው?»

«ሯጭ መሬት ላይ ነው! ጫማ አያንሳፍፍም!»

«ይሄም አያንሳፍፍም። ገላን ይሰበስባል፣ ውሃ አይዝም። ያልተለማመደ ለብሶት ቢገባ የትም አይደርስም።»

«የትም ካላደረሰ ለምን ለበሱት?»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። አሞጽ ሳቁን ሲሰማ የባሰ ተሟሟቀና በቀጥታ ወደ ዋና ዳኛዋ ሄደ። ወይዘሮ አበራሽ ከአዲስ አበባ የተላኩ፣ ቁጥብ፣ ፈገግታ የማያባክኑ ሴት ነበሩ። አሞጽ ጣቱን እየቀሰረ ልብሱ የተከለከለ መሆኑን፣ መፈተሽ እንዳለበት፣ ካልተፈተሸ ውድድሩ ውድድር እንዳልሆነ ነገራቸው።

«አቶ አሞጽ፣ አቤቱታ ካለዎት እቀበላለሁ» አሉ። «ግን የአንድ ቡድን ለይቼ አልፈትሽም። ውድድሩ እንዳለቀ የሁሉም ይፈተሻል።»

«የሁሉም ይፈተሽ!» አሞጽ አጥሩ ድረስ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ከእኔው ይጀመር! የእኔ ልጆች የሚደብቁት የላቸውም!»

ቤተልሔም ይህን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ዛሬ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ከሁሉም በላይ ቆይታ ነበር የወጣችው፤ ስትራመድም ደርቃ ነበር። አሞጽ ፍርሃት ነው ብሎ አልፎታል። አሁን ወደ እሱ ተጠጋች።

«ቲቸር፣ አንዴ ላናግርዎት...»

«ወሬ የለም! ወደ መስመርሽ!»

«ቲቸር እባክዎት፣ አንድ ነገር...»

«ሂጂ አልኩ!»

«እሺ» አለችና ሄደች።

የመቶ ሜትር ነፃ ቀዘፋ ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ገቡ። በመጀመሪያው ዙር ጥቁር ለባሾቹ ቀደሙ፤ አረንጓዴዋ ሦስተኛ ነበረች። ሁለተኛው ዙር ላይም ያው። ሦስተኛው ላይ አሞጽ በገንዳው ዳር አብሯት ሮጠ። በመጨረሻው ዙር ግን ቀዳሚዎቹ ክንዳቸው መዛል ሲጀምር የቤተልሔም አልዛለም። ያ ሁሉ ንጋት፣ ያ ሁሉ ውሃ የያዘ ጨርቅ የሠራው ክንድ ነው። አንዷን አለፈች። ሌላዋን ጎን ለጎን ይዛ ሄደች፤ ግድግዳው ጋ በእጅ ቀደመቻት።

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። አሞጽ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የማያውቀውን ሰው አቀፈ። ቤተልሔም ግን መነጽሯን አላነሣችም፤ ስንት ሆንኩ ብላም አልጠየቀችም። ገንዳው ዳር እጇን ጭና አንገቷን ደፍታ ቀረች። ወይዘሮ አበራሽ ሴቶቹን ልጆች ሰብስበው ወደ ልብስ መቀየሪያው አስገቡና በሩን ዘጉ።

አሞጽ በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ጠበቀ። «አሁን ታያላችሁ» ይላል ለከበበው ሰው። «ላስቲኩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይወድቃል።» ይበልጣል መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደ።

በሩ ሲከፈት ወይዘሮ አበራሽ ብቻቸውን ወጡ። «የእንግዶቹ ልብስ የተፈቀደ ነው፤ ምልክቱ አለበት» አሉ። አሞጽ ሊከራከር አፉን ሲከፍት በእጃቸው አስቆሙት። «ችግሩ የእርስዎዋ ናት። ሁለት ልብስ ነው የለበሰችው። ከሥር ጥቁሩን፣ ከላይ የእናንተን አረንጓዴ። ደንቡ ዋናተኛ ከአንድ ልብስ በላይ እንዲደርብ አይፈቅድም። ውጤቷ ተሰርዟል።»

አሞጽ መጀመሪያ የተነገረው አልገባውም፤ የገባው ቤተልሔም ስትወጣ ነው። ጥቁሩ ልብስ ገላዋ ላይ ነው፤ አረንጓዴው በእጇ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ተንጠልጥሏል።

«አታለልሽኝ!» አላት።

«አላታለልኩም» አለች። እያለቀሰች አልነበረም፤ ብታለቅስ ይሻለው ነበር። «እርስዎ የክለቡን አሉኝ፣ እሺ አልኩ። እማዬ የአጎትሽን አለችኝ፣ እሺ አልኩ። ማንንም ላለማሳዘን ብዬ ነው። ልነግርዎት መጣሁ፤ ሂጂ አሉኝ።»

ገነቴ ሰዉን እየገፈታተረች ደረሰች። አሞጽ እንድትሰድበው ጠብቆ ነበር። አልሰደበችውም። ፎጣ አውጥታ ልጇ ትከሻ ላይ ደረበችላትና፣ «እኔም አለሁበት» አለች ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «እርስዎ ግን አስፈተሹብኝ» አለች።

አሞጽ ወይዘሮ አበራሽን ተከትሎ ሮጠ። ጎልማሳው፣ አዛዡ፣ ባለከስክሱ ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመነ። «አቤቱታዬን አንሥቻለሁ! ምንም አላልኩም! እንዳልተፈተሸ ይቆጠርልኝ!»

«አቤቱታዎን ማንሣት ይችላሉ» አሉ እሳቸው፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን። «ያየሁትን ግን አላየሁም ልበል? ባይጠይቁኝ ኖሮ አልፈትሽም ነበር።»

ሁለተኛ የወጣችው የይበልጣል ልጅ አንደኛ ተብላ ተጠራች። ይበልጣል ወደ መኪናው ሲሄድ አሞጽ ጋ ቆም አለ። «ጋሼ፣ ልጅዎ ሁለት ልብስ ተሸክማ ነው የቀደመችን። ልብስ ዋናተኛ አያደርግም ያሉት እውነትዎን ነው።» ሊያጽናናው ፈልጎ ነው የተናገረው። አሞጽ ግን ከዚያ የከፋ ስድብ ሰምቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ገነቴ ለክለቡ መስፋት አቆመች፤ የተረፈውን አረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ላከችለት። ቤተልሔም ለረጅም ጊዜ አልመጣችም። አሞጽ በየንጋቱ ገንዳውን ይጠርጋል፣ ፊሽካውን ይነፋል፣ ልጆቹን ይቆጣል፤ ስለ ከስክሱ ግን አንሥቶ አያውቅም። ጥቁሩን ልብስ አሁንም ይጠላዋል። ለምን እንደሚጠላው ሲጠይቁት ግን እንደ ድሮው ቶሎ አይመልስም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ በድንገት መዋኘት አቆሙ። ዞር ሲል ቤተልሔም ገንዳው ጫፍ ላይ ቆማለች። ጥቁሩን ለብሳለች፤ ጥቁሩን ብቻ። ከኋላዋ ገነቴ ፔርሙዝና ስልኳን ይዛ ቆማለች።

አሞጽ ወደ እሷ ሄደ። ሊላት የሚፈልገው ነገር ብዙ ነበር፤ ለቀናት ሲያሰላስለው የቆየ ንግግር ነበረው። ቤተልሔም ቀደመችው። በአክብሮት፣ ዓይኑን ሳታይ፣ ሁለት እጆቿን ከጎኗ ዘርጋ አደረገች።

«ዛሬ አንድ ነው የለበስኩት ቲቸር። ይፈትሹ።»

አሞጽ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ። እሷ መነጽሯን አወረደችና ገባች። ክንዷ ውሃውን ሲቀዝፍ እጁ በልማድ ወደ ሰዓቱ ሄደ፤ ያዘላት። ሄዳ ተመለሰች፣ ሄዳ ተመለሰች። እንዲህ ዋኝታ አታውቅም ነበር። አሞጽ ሰዓቱን አቆመ፤ ሊነግራት ወደ ገንዳው ዳር ጎንበስ አለ።

ቤተልሔም ግድግዳውን ነካች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች፣ እሱን አልፋ፣ በስልኳ ሰዓት ስትይዝላት ወደነበረችው እናቷ ቀና አለች።

«ስንት ሆንኩ እማዬ?» አለች።